ሾፌር የሌላት ፔዦ

በ1980 ዓ.ም. ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ከራጉኤል ወደ ታች በሚወርደው መንገድ ዳር የቆመች ነጭ ፔዦ ብቻዋን ተነሳች። በውስጧ ሰው አልነበረም። በሮቿ እንደተቆለፉ፣ መስኮቶቿ እንደተዘጉ ሞተሯ አጓራና ወደ ፊት ዘላ የቀበሌውን የቆርቆሮ በር ገነጠለችው። በሩ ሥር ጠመንጃውን ተደግፎ የቆመው አብዮት ጠባቂ ጎበዜ ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

የዚያን ጊዜ የመርካቶ ሰው ጉድ አያመልጠውም ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለ ነገር ቢሆን ሁሉም ከቆመበት ስልኩን ያወጣል፤ ያኔ ግን እግሩን ነቅሎ ይመጣል። ባለሱቁ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ ኩሊው ሸክሙን መንገድ ላይ ጥሎ፣ ሁሉም ፔዦዋን ከበባት። አንዱ ሰይጣን ነው አለ፤ ሌላው የለም፣ የአሜሪካ ሥራ ነው አለ። አንዲት ሴት ከራጉኤል ጠበል ይዛ ደርሳ ኮፈኑ ላይ ረጨች። በሩን ስትመታ ሞተሯ ጠፍቶ ነበር፤ ሴትየዋ ግን ጠበሉ እንዳጠፋው ዕድሜዋን ሙሉ ምላለች።

ሰው ገለል ሲል ዋናው ነገር ታወቀ። በቀበሌው አዳራሽ ለብሔራዊ ውትድርና የታፈሱ አሥራ ዘጠኝ ወጣቶች ነበሩ፤ ሲቆጠሩ አሥራ ስምንት ሆኑ። የጎደለው ሐምዱ የሚባል የሃያ ሁለት ዓመት ልብስ ሰፊ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ እዚህ ግን ፔዦ በቀደደችው ልብስ ሰፊ ወጣ።

ጉዳዩ ለመቶ አለቃ ይመር ተሰጠ። ይመር የሃምሳ ዓመት ሰው ነው፤ አማኑኤል ሠፈር ተወልዶ ያደገ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ወንጀል ሲመረምር የኖረ። በጣቢያው የሚታወቀው በሁለት ነገር ነበር፤ በእጅ ጽሑፉ ማማርና ያላየውን ነገር በሪፖርቱ ላይ ባለመጻፉ። አለቆቹ የመጀመሪያውን ይወዱለታል።

ወደ ቦታው በእግሩ ሄደ። በልጅነቱ በዚህ ቁልቁለት የሚወርዱ የጭነት መኪናዎችን ከኋላ እየተንጠለጠለ ይሸኛቸው ነበር። ሾፌሮቹ ይሳደባሉ፤ ስድባቸው እንኳ ጨዋታ ነበረው። አሁን በዚያው መንገድ ሰው ዝቅ ብሎ ያወራል፣ የታፈሰበትም ያልታፈሰበትም አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። ይመር መርካቶን እንዲህ ሆና ማየት ያመው ነበር።

ፔዦዋን ዞሮ አያት። የፊት መብራቷ ተሰብሯል፤ ሌላው ደህና ነው። በመስኮት አጎንብሶ ሲመለከት ማርሿ አንደኛ ላይ ነው። ከመሪው ፊት ካለው ክሩስኮት ሥር አንዲት ጥቁር ሣጥን ተሰቅላለች፤ ከሣጥኗ የወጣ ቀጭን ሽቦ በፊት መስታወቱ ዳር ወደ ላይ ወጥቷል።

"ራዲዮ ነው ጓድ መቶ አለቃ" አለ የቀበሌው ሊቀመንበር፣ ከጀርባው ሆኖ። "የፀረ አብዮተኞች መገናኛ። የሠራውንም ይዘነዋል።"

የተያዘው አለሙ ነው፤ ከፍ ብሎ ካለው ቅያስ ውስጥ ራዲዮና ቴፕ የሚጠግን፣ ፊቱ ሁልጊዜ በብየዳ ጭስ የተጨናበሰ ሰው። ሱቁ ሲፈተሽ ብዙ ጥቅል ሽቦና አሥራ ሁለት ራዲዮ ተገኘ። ራዲዮ ጠጋኝ ቤት ራዲዮ ባይገኝ ነበር የሚገርመው፤ ሊቀመንበሩ ግን ይህን ማስረጃ አለው። ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ከበላይ አንድ ሻለቃ መጥቶ ይወስደዋል። ያን ጊዜ እንዲህ የተወሰደ ሰው ቤተሰቡ ስንቅ ይዞ ከበር በር ሲንከራተት ይከርማል እንጂ፣ የት እንደገባ የሚነግረው የለም። ይመር ይህን ያውቃል። የቀረው ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ነው።

የፔዦዋ ባለቤት ጋሽ በሪሁን ነው፤ የታወቀ የጨርቅ ነጋዴ፣ ባርኔጣው ከራሱ የማይወርድ ኩሩ ሰው። ሱቁ ከቀበሌው ሰባ እርምጃ ያህል ከፍ ብሎ ባለ አንድ ፎቅ ላይ ነው፤ ከፊቱ የእንጨት ሰገነት አለው። ይመር የጠየቀውን ሁሉ ሳያመነታ መለሰ። ጂቡቲ ያለው ወንድሙ መኪና ከሩቅ የምታስነሳ መሣሪያ ልኮለታል። ከክብሪት ሣጥን ትንሽ ከፍ የምትል፣ አንዲት ቀይ ቁልፍ ያላት። አንዴ ሲጫኗት ሞተሩን ታስነሳለች፣ ሁለተኛ ሲጫኗት ታጠፋለች። ችግሯ የምትሠራው ከአሥር እርምጃ ብቻ መሆኑ ነው። በሱቁ ፊት ጭነት ስለሚራገፍ መኪናውን የሚያቆመው ደግሞ ታች፣ ከቀበሌው በር አጠገብ ነው። ስለዚህ ርቀቷን እንዲጨምርለት አለሙን ለመነው። መርካቶ ውስጥ መኪናውን ከሰገነት ላይ የሚያስነሳ እሱ ብቻ መሆኑን ሲናገር በዚያ ጭንቅ መሃል እንኳ ደረቱ ትንሽ ተነፋ።

"መኪናዋ ስትነሳ የት ነበሩ?" አለው ይመር።

"ሊቀመንበሩ ቢሮ። ለእናት አገር ጥሪ መዋጮ ጠርቶኝ። እሱን ይጠይቁ።"

"ማስነሻዋስ?"

"እዚሁ ምስማሯ ላይ።"

"ማርሽ ውስጥ አስገብተው ነው ያቆሟት?"

"ኧረ በጭራሽ። ይህች ዕቃ ከተገጠመች ወዲህ በማርሽ አቁሜ አላውቅም። በማርሽ ከተነሳች ትዘላለችና አለሙም አደራ ብሎኛል። ከጎማዋ ሥር ድንጋይ ነው የማደርገው።"

ይመር ማስታወሻው ላይ አንድ መስመር ጻፈ። በሮቹ ተቆልፈው ነበር፤ ቁልፉ አንድ ነው፣ እሱም በበሪሁን ኪስ። ማርሹ ግን አንደኛ ላይ ነው። ሰውየው ዋሽቷል፤ ለምን እንደዋሸ ግን ገና አላወቀም።

አለሙን ያገኘው በቀበሌው ዕቃ ቤት ውስጥ፣ ባዶ የዘይት በርሜል ላይ ተቀምጦ ነው። ተመትቷል፤ ከንፈሩ አብጧል። ይመር ስለ ሽቦው ሲጠይቀው ግን ዓይኑ በራ፤ የሥራ ነገር ሲነሳ ሕመሙን የሚረሳ ዓይነት ሰው ነው። የሣጥኗ ሽቦ ከክሩስኮቱ ሥር በብረት መሃል ተቀብሮ እንደነበር፣ ብረት ሞገድ እንደሚውጥ፣ ስለዚህ አውጥቶ በመስታወቱ ዳር ሽቅብ እንደሰቀለው፣ አዲስ ባትሪም እንዳስገባ አስረዳው። ዕቃዋ ርካሽ ስለሆነች ጠንካራ የመገናኛ ራዲዮ በአጠገቧ ካለፈ ልትሳሳት እንደምትችልም ነገረው። ይህንኑ ለሊቀመንበሩ ቢነግረው ስቆበት ነው የመታው።

"ከዚያ በኋላ ከስንት እርምጃ አስነሳች?"

"ከአርባ።"

"ከሰገነቱ እስከ መኪናዋ ግን ሰባ ነው።"

አለሙ ያበጠ ከንፈሩን በእጅጌው ጠረገ።

"አለሙ፣ ነገ ስድስት ሰዓት ላይ የሚመጡት ሰዎች እንደኔ አይጠይቁም። ከአንተ ሌላ ነገሯን የሚያውቅ ሰው ካለ ዛሬ ንገረኝ።"

"ማንም የለም መቶ አለቃ። ሠራኸው ካሉኝ ሠርቻለሁ። ይጻፉት።"

ይመር በሃያ ስድስት ዓመቱ ውሸታም ብዙ አይቷል። የሚዋሽ ሰው ራሱን ሊያድን ይዋሻል፤ ይህኛው ራሱን ሊያስበላ ነው የሚዋሸው። ዝም አይነቅዝም ይሉ ነበር አባቱ። የአለሙ ዝምታ ግን ሰው ሊበላ ነው፣ የሚበላውም ራሱን ነው።

ጎበዜን ሐኪም ቤት ሄዶ ጠየቀው። እግሩ በጄሶ ተጠቅልሏል። ያየው ነገር የለም፤ ፊቱን ወደ አዳራሹ አዙሮ ነበር። ከመምታቷ በፊት ሰው ወደ መኪናዋ ቀርቦ እንደሆነ ሲጠየቅ ወጣቶቹን ሊያጅብ የመጣው ላንድሮቨር ራቅ ብሎ ከመቆሙ በቀር ማንም አለመቅረቡን በእርግጠኝነት ተናገረ። ራስጌው ላይ በፎጣ የተጠቀለለ የሾርባ ሰሃን ነበር። ቤተሰቡ ጎጃም ስለሆነ ማን እንዳመጣለት ይመር ጠየቀው። "እትዬ ሐጀራ ናቸው" አለ ጎበዜ፣ አንገቱን አቀርቅሮ። "ልጃቸውን የጠበቅሁባቸው እኔ፣ ሾርባ ያመጡልኝ እሳቸው።"

ከሰዓት በኋላ ቶላ የሚባል ኩሊ የምስክርነት ቃል ሰጠ። የዚያን ሰዓት የጨርቅ ጥቅል ተሸክሞ በበሪሁን ሱቅ ሥር ያልፍ ነበር።

"ሰገነቱ ላይ ሰው አይተሃል?"

"አንድ ሴትዮ ነበረች ጋሼ። እትዬ ሐጀራ።"

"ምን ታደርጋለች?"

"ምን ታደርጋለች፤ አገጯን ይዛ ቆማለች። ልጅ የታፈሰባት ሁሉ እንደዚያው አይደል የምትውለው።"

ይመር አልጻፈውም። በዚያ ሳምንት አገጯን ያልያዘች እናት መርካቶ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት አይቻልም ነበር። ቢሆንም ሄዶ አነጋገራት። እትዬ ሐጀራ የሐምዱ እናት ናት፤ በበሪሁን ሱቅ ደረጃ ሥር ክርና የልብስ ቁልፍ በመደዳ ዘርግታ የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት ቀጭን ሴት። አብዮት ጠባቂዎቹ ወደ በሩ አላስጠጋ ስላሏት፣ የአዳራሹ ግቢ ከሰገነቱ ላይ ስለሚታይ ልጇን ለማየት መውጣቷን ነገረችው። ቃሏ ከነገሩ ጋር ይገጥማል። ይመር አይዞዎት ብሏት ሄደ።

አሥር ሰዓት ላይ ሙከራ አደረጉ። ይመር ፔዦዋን ከማርሽ አስወጥቶ፣ ከጎማዋ ሥር ድንጋይ አስገብቶ ወደ ሰገነቱ ወጣ። በሪሁን ማስነሻዋን ይዞ ክንዱን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ተጫናት። ምንም የለም። ደጋግሞ ተጫናት፤ ፔዦዋ ጭጭ። ወርደው እየተጠጉ ሲሞክሩ በአርባኛው እርምጃ ላይ ተነሳች።

"ታዲያ ከሰገነቱ አይደለም ማለት ነው" አለ ሊቀመንበሩ፣ እጁን እያፋተገ። "አለሙ ሌላ ጠንካራ መሣሪያ ደብቋል።"

በሪሁን ባርኔጣውን አስተካከለ። ይመር እውነት ይወጣል ብሎ ያደረገው ሙከራ የአለሙን ገመድ ጭራሽ አጠበቀው። እቤቱ ገብቶ ራት ሲቀርብለት ማስታወሻውን ከፍቶ ከመጀመሪያው ያነብ ጀመር።

ረቡዕ ጧት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ማስነሻዋን ከምስማሯ አንስቶ ብቻውን ወደ ሰገነቱ ወጣ። በሰዓቱ፣ በቦታው ቆሞ ነገሩን ማየት ልማዱ ነው። ቀይዋን ቁልፍ እንደ መቁጠሪያ ቀጭ ቀጭ እያደረገ ቁልቁል ተመለከተ። በተገነጠለው በር በኩል ግቢው ወለል ብሎ ይታያል። አሥራ ስምንቱ ተሰልፈው ይቆጠራሉ። ከመካከላቸው አንዱ ረጅም፣ ትከሻው ጎበጥ ያለ ልጅ ነበር።

ይመር የራሱ ልጅ ትዝ አለው። አስቻለው እንደዚሁ ከተሰለፈ ሁለት ዓመት ሞላው። የመጨረሻው ደብዳቤ ከሰሜን ከመጣ ዘጠኝ ወር አልፏል። ሚስቱ ወሰንየለሽ ደብዳቤውን ጡቷ ሥር ይዛው ነው የምትተኛው። እሱ ደግሞ ፖሊስ ነው፤ የሰው ልጅ ሲጠፋ አድራሻ የሚያፈላልግ፣ የራሱን ልጅ አድራሻ የማያውቅ ፖሊስ። ሳያስበው፣ ማስነሻዋ በእጁ እንዳለች አገጩን ያዘ። አውራ ጣቱ ግን ልማዱን አልተወም። ቀጭ አለ።

ከሰባ እርምጃ ላይ ፔዦዋ ተነሳች።

እጁን ዝቅ አድርጎ ተጫናት፤ አልጠፋችም። ክንዱን ዘርግቶ ተጫናት፤ አልጠፋችም። ቀስ ብሎ ወደ አገጩ መለሳትና ተጫናት። ጠፋች። ኋላ አለሙ የሰው ገላ ራሱ አንቴና እንደሚሆን አስረድቶታል፤ በዚያች ደቂቃ ግን ይመር የገባው ሌላ ነገር ነው። ቶላ ያየው ሐዘን ብቻ አልነበረም።

ወደ ደረጃው ዘወር ሲል እትዬ ሐጀራ ቆማለች። ነጠላዋን ለመንገድ አጣፍታ፣ በጉያዋ ትንሽ ጥቅል ይዛለች። የታሳሪ ሰው ጥቅል ነበር፤ ጋቢ፣ መቁጠሪያ፣ ደረቅ ዳቦ። ሲያስነሳና ሲያጠፋ አይታዋለች።

"ደረሱበት" አለችው። "እኔም ወደ እርስዎ ነበር የምመጣ። አለሙን ልቀቁት፤ እኔ ነኝ።"

ይመር በርጩማ ሳበላት። እሷ ግን አልተቀመጠችም። አለሙ ሽቦውን በገጠመ ቀን ከታች መኪናዋን ሲያይ፣ ከላይ የምትጫንለት እሷ ነበረች። ከአርባ እርምጃ በላይ አልሄድ ስትል፣ አገጭዎ ላይ ያስጠጉት እትዬ አላት፤ ሄደች። በሪሁን ግን ጥርሱን እንዳመመው ሰው አገጩን ይዞ መቆሙን አፈረበት። ስለዚህ ማታ ማታ ሱቁን ሲቆልፍ ማስነሻዋን ለእሷ ይሰጣታል፤ እሷ ትጫንለታለች፣ እሱ ባርኔጣውን ደፍቶ ወደ ሞቀችው መኪናው ይወርዳል። የሰው ኩራቱ ብዙ ነው።

"እኔ ድምጿን ብቻ ነበር የፈለግሁት" አለች ሐጀራ። "ጠባቂው ምንድነው ብሎ ዞር ይላል፣ በሩ በገመድ ነው የሚታሰር፣ ልጄም ፈጣን ነው አልኩ። ሂጂ አላልኳትም ወላሂ። የጎበዜን እግር ሳይ ልጄ ማምለጡን ራሱ ረሳሁት።"

"ሐምዱ የት ነው?"

"እሱን አይጠይቁኝ።"

ይመር ዳግመኛ አልጠየቃትም። ከፊቱ የቆመው ነገር እንዲህ ነበር፦ አንዱ ዝም ብሎ፣ አንዷ ተናግራ፣ ሁለቱ ሰዎች አንዱ ለሌላው ወደ አንድ ጉድጓድ ለመግባት ይሽቀዳደማሉ። ሕጉ ሴትየዋን አስረክብ ይለዋል። ቢያስረክባት አለሙ ይወጣል፤ እሷ ግን የልጇን መደበቂያ እስክትናገር ድረስ ምን እንደሚደረግባት ያውቃል። ባያስረክባት ደግሞ በሦስት ሰዓት ውስጥ አለሙ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነት ሰዎች አሁንም በዚህ ሠፈር መኖራቸውን ሲያስብ ግን፣ ጠፋች ብሎ ያለቀሰላት መርካቶ እዚያው ደረጃ ሥር ክር ስትሸጥ የኖረች መሰለው።

"ጥቅልዎን ቤት ያስቀምጡና ወደ ሥራዎ ይመለሱ" አላት። "ዛሬ ሰገነቱ ላይ አይውጡ።"

በሪሁን ሱቁ ውስጥ ጨርቅ ይለካ ነበር። ይመር በሩን ገርበብ አደረገ።

"ጋሽ በሪሁን፣ ትናንት ክንድዎን ዘርግተው ተጫኑ። ማታ ማታ ግን እትዬ ሐጀራ አገጯ ላይ አድርጋ እንደምትጫንልዎ ያውቁ ነበር። ማርሹንም እርስዎ ነዎት ያስገቡት።"

በሪሁን ሜትሩን አስቀመጠ። ባርኔጣውን ለመጀመሪያ ጊዜ አወለቀ፤ ጸጉሩ ከመሃል አልቋል። ሊቀመንበሩ ሲጠራው ደንግጦ መውረዱን፣ ሠላሳ ዓመት ሲነዳ ቁልቁለት ላይ በማርሽ ማቆም ልማዱ ስለሆነ ድንጋዩን ረስቶ እጁ ሳያስበው ማስገባቱን ተናገረ። መኪናው የእሱ፣ ሰገነቱ የእሱ፣ ማስነሻው የእሱ፣ ማርሹ የእሱ። ከሰገነት ይደርሳል ከተባለ የሚወሰደው እሱ መሰለውና ፈራ።

"አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ" አለው ይመር። "የአለሙን ከንፈር አይተውታል?"

በሪሁን አለቀሰ። ሽማግሌ ነጋዴ ሲያለቅስ ማየት ደስ አይልም፤ ይመርም ዓይኑን ወደ ጨርቆቹ አዞረ። ከዚያ ጠጋ ብሎ ምን ማድረግ እንዳለበት በዝግታ ነገረው።

ስድስት ሰዓት ላይ ሻለቃው መጣ። የመጣባት ላንድሮቨር ከኋላዋ ረጅም አንቴና የተተከለባት፣ የመገናኛ ራዲዮ ያላት ናት። ሊቀመንበሩ አለሙን እጁን የፊጥኝ አስሮ አቆመው። የሠፈሩ ሰው ቆመ ላለመባል እየተራመደ ከሩቅ ያያል።

ይመር ሰላምታ ሰጠ። "ጓድ ሻለቃ፣ ሪፖርቴን ከመዝጋቴ በፊት አንድ ጥያቄ አለኝ። ትናንት ጧት ወጣቶቹን ሊያጅብ የመጣው መኪና ይኸው ነው?"

"ይኸው ነው።"

"ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የት ቆሞ ነበር?"

ሻለቃው በአገጩ አመለከተ፤ ከፔዦዋ ሃያ እርምጃ ያህል ላይ። "ለምን?"

"ያን ሰዓት በራዲዮው አውርተው እንደሆነ ብዬ ነው።"

"አውርቻለሁ። ምን ማለትህ ነው?"

"እስኪ አሁንም አንድ ጊዜ ይናገሩበት። የዚህች መኪና ዕቃ ርካሽ ነው፤ ጠንካራ ሞገድ ያሳስተዋል ይባላል።"

ሊቀመንበሩ ሊስቅ አፉን ከፈተ። ሻለቃው በንቀት የራዲዮውን መናገሪያ አንስቶ፣ "ሃሎ ማዕከል" ሲል ፔዦዋ ተነሳች።

ሰዉ ሁሉ ወደ ኋላ ሸሸ። ሻለቃው መናገሪያውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ። ይመር በትሕትና እንዲደግሙት ለመነ። ሻለቃው ለሁለተኛ ጊዜ ሲናገር ፔዦዋ ጠፋች፤ ለሦስተኛ ጊዜ ሲናገር ተነሳች። ከዚያ ወዲያ አልሞከረም።

ያን ጊዜ ሽቅብ ያየ ሰው ቢኖር፣ ሰገነቱ ላይ ጋሽ በሪሁንን ባርኔጣ ሳያደርግ፣ በአደባባይ አገጩን ይዞ ቆሞ ያየው ነበር። ያየውም ሰው መኪናው ስለተሰበረበት እያዘነ ነው ብሎ ያልፋል። በሪሁን ክብሩን እንዲያ አውልቆ መቆሙን ይመር ሲያይ፣ ጧት የተቆጣውን ቁጣ ሁሉ ይቅር አለው።

ሻለቃው ይመርን ለብቻው ጠርቶ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ይህን በሪፖርትህ ልትጽፈው ነው?" አለው። የጠባቂ እግር የሰበረው፣ ምልምል ያስመለጠው የእሱ ራዲዮ ነው ተብሎ ወደ በላይ ከተጻፈ ምን እንደሚከተል ሁለቱም ያውቃሉ።

"እርስዎ እንደሚያዙኝ ነው ጓድ ሻለቃ። መኪናዋ አሮጌ ናት፤ አሮጌ መኪና ላይ ሽቦ ይነካካል።"

"ይነካካል" አለ ሻለቃው። ወደ ላንድሮቨሩ ገባና ለሊቀመንበሩ በመስኮት አንድ ቃል ጣል አድርጎ ሄደ። ሊቀመንበሩ የአለሙን እጅ ራሱ ፈታ።

ይመር ከሰዓት በኋላ ጣቢያው ተቀምጦ፣ በዚያ ባማረ እጅ ጽሑፉ፣ መኪናዋ በአሮጌ ሽቦዎች መነካካት የተነሳች መሆኗን ጻፈ። በሃያ ስድስት ዓመቱ የጻፈው የመጀመሪያው ውሸት ነው። አሥራ ስምንቱ ግን በማግሥቱ ተጭነው ሄዱ፤ ለእነሱ ይመር ምንም ሊያደርግ አልቻለም። ሐጀራ የጎበዜ ጄሶ እስኪፈታ ድረስ ሾርባ ስታመላልስ ከረመች፤ በሪሁን ደግሞ የሐኪሙን ወጪ ቻለ።

በሳምንቱ ይመር የመለዮ ልብሱን አውልቆ፣ የቤቱን ራዲዮ በጋዜጣ ጠቅልሎ አለሙ ሱቅ ሄደ። አለሙ በርጩማ አቀረበለትና ራዲዮውን ከፍቶ አዳመጠ።

"ጤነኛ ነው መቶ አለቃ። ምን ሆነ?"

"ቅርቡን ይሰማል። ሩቁን አይሰማም።"

"ምን ያህል ሩቅ?"

ይመር ወደ በሩ ተመለከተ። በሰሜን የሚዋጉትን የሸማቂዎቹን ጣቢያ መስማት ክልክል ነው፤ ሲሰማ የተገኘ ሰው ይታሰራል፣ እሱ ራሱ አስሮ ያውቃል።

"የተማረኩትን ስም እስከሚያነቡበት ድረስ" አለ።

አለሙ ተነስቶ የሱቁን በር ገርበብ አደረገና ረጅም ሽቦ መዘዘ። እሁድ ዕለት አማኑኤል ድረስ ሄዶ፣ ሽቦውን ከይመር ቤት ክዳን እስከ ጓሮው ባሕር ዛፍ ወጠረው። ወሰንየለሽ ልብስ አሰጣችበት።

ከዚያ በኋላ ባልና ሚስቱ በየቀኑ ሲመሻሽ መስኮታቸውን ዘግተው፣ ራሳቸውን ከራዲዮው ጋር አጋጥመው ይቀመጡ ጀመር። ድምፁ እንደ ዝናብ ከሚንሿሿው ውስጥ ይመጣል፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የትውልድ ቦታ። ስንት የሰው ልጅ ስም ሰሙ። የጎንደሩን፣ የጅማውን፣ የሐረሩን። ወሰንየለሽ የማታውቃቸውን ሁሉ ለየራሳቸው እናት እንዲያበቃቸው ትለምን ነበር። አሥር ምሽት እንዲህ አለፈ።

በአሥራ አንደኛው ምሽት ድምፁ ከመንሿሿቱ ወጣ አለና፣ "አስቻለው ይመር፣ አዲስ አበባ፣ አማኑኤል አካባቢ" አለ።

ወሰንየለሽ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። ዘጠኝ ወር ሙሉ የያዘችው እልልታ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ። በግድግዳው ማዶ የቀበሌው ጸሐፊ ይኖራል። ይመር እጁን ወደ አፏ ዘረጋ፤ እሷ ግን ቀድማው የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎረሰች፤ እልልታዋ በነጠላው ውስጥ ታፍኖ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ለልጇ በሕይወት መኖር ድምፅ የሌለው እልልታ ሦስት ጊዜ እልል አለች። ይመርም ራዲዮውን ዘጋና አጠገቧ ቆሞ አለቀሰ።